ሪሞትሊ የምትለዋን የእንግሊዝኛ ቃል እንዴት እንጠቀምባት? መቼ «ከርቀት»፣ መቼ «ጭራሽ» ትሆናለች

ከ2020ው ኮቪድ በኋላ ሪሞትሊ የምትባለዋን ቃል ሰምቶ የማያውቅ ሰው የለም ማለት ይቻላል፣ ሰው ሁሉ ከቤቱ መስራት ሲጀምር ቃሏም አብራ ገባች፣ ዛሬ ቴሌግራም ላይ የስራ ማስታወቂያ የሚለጥፍ ሁሉ «ሪሞት» ሳይል አይውልም። ግን አብዛኛው ሰው የሚያውቀው ግማሿን ብቻ ነው። ሪሞትሊ ማለት ከርቀት ማለት ነው ብሎ ይዟታል፣ ከዛ አንድ ቀን ደንበኛው «ዚስ ኢዝ ኖት ሪሞትሊ ዋት ዊ አስክድ ፎር» ብሎ ሲጽፍለት «ከርቀት ስለሰራሁት ነው መሰለኝ ያልወደዱት» ብሎ ይተረጉመዋል። ሰውየው ግን ያለው «ይሄ ካዘዝንህ ነገር አጠገቡም አልደረሰም» ነው። አንዱ ትንሽ ቅሬታ ነው፣ ሌላው እንደገና ከዜሮ ጀምር ማለት ነው፣ እንደዚህ አይነት አለመግባባት ስራ ያሳጣል። ስለዚህ ቃሏን ከስሯ ጀምረን በቅደም ተከተል እንያት።

1. መጀመሪያ አጻጻፏንና አነጋገሯን ያዙ

ፊደሎቿ አር፣ ኢ፣ ኤም፣ ኦ፣ ቲ፣ ኢ፣ ኤል፣ ዋይ ናቸው። ከቲ ቀጥላ ያለችውን ኢ ብዙ ሰው ይዘላታል፣ ስለማትነበብ። አትዝለሏት፣ ሲቪ ላይ እንደዛ ተጽፎ ሲታይ ያስገምታል። ስትናገሩ ደግሞ ጫናው መሀል ላይ ነው፣ ሪ-ሞውት-ሊ፣ ሞ ላይ ጫን በሉ። እኛ ሶስቱንም እኩል የማለት ልማድ አለን፣ ወይ ደግሞ በትና በሊ መሀል ትንሽ ድምጽ ትገባና ሪሞቲሊ ይሆናል። ምላሳችሁን ት ላይ አሳርፋችሁ ሳትለቁ ወደ ሊ እለፉ፣ አሜሪካኖቹማ ት'ዋን ዋጥ ነው የሚያደርጓት።

2. ሁለቱ ትርጉሞች ከየት እንደመጡ ተረዱ

ይሄን ደረጃ አትዝለሉት፣ ምክንያቱም አንዴ ከገባችሁ ሌላውን መሸምደድ አያስፈልጋችሁም። ስሯ ላቲን ነው፣ ሬሞቱስ፣ የራቀ ወይም ወዲያ የተደረገ ማለት ነው፣ ሪሙቭ የሚለው ግስም ከዛው ቤት የወጣ ነው። እሺ፣ ርቀት ገባን፣ ታዲያ «በትንሹ» የሚለው ከየት መጣ?

እኛ ዘር ስንቆጥር እስከ ሰባት ቤት እንሄዳለን አይደል፣ ከአንድ አያት የወጡት ቅርብ ናቸው፣ አምስተኛ ስድስተኛ ቤት ላይ ስንደርስ ግን ዝምድናው አለ ይባላል እንጂ እየሳሳ ሄዷል። የራቀ ነገር የሳሳ ነገር ሆነ ማለት ነው። እንግሊዝኛውም በዚሁ መንገድ ነው የሄደው፣ ሪሞትሊ መጀመሪያ «ርቆ» ነበረች፣ ከዛ «በሳሳ ደረጃ፣ ለጥቂት ያህል» ሆነች። ኖት ሲጨመርባት ደግሞ በሳሳውም በኩል እንኳ የለም ማለት ይሆናል፣ ሰባተኛው ቤት ድረስ ቆጥራችሁ ምንም ዝምድና አጣችሁ እንደማለት ነው። ለዚህ ነው «ኖት ሪሞትሊ» እንደዛ ከባድ እምቢታ የሆነችው። ብዙ ሰው «ትንሽ አይደለም» ማለት ይመስለዋል፣ እሷ ግን «ከነጭራሹ አይደለም» ናት።

3. «ከርቀት» ማለት ስትፈልጉ ከግሱ ኋላ አስቀምጧት

ይሄኛው ቀላሉ ነው። «አይ ዎርክ ሪሞትሊ»፣ «ሺ ጆይንድ ዘ ሚቲንግ ሪሞትሊ»፣ «ዊ ካን ፊክስ ዩር ኮምፒዩተር ሪሞትሊ»። ግሱ ይቀድማል፣ የሚደረግበት ነገር ካለ እሱ ይከተላል፣ መጨረሻ ላይ ሪሞትሊ። አገርና ድርጅት መጨመር ከፈለጋችሁ ከሷ በኋላ ቀጥሉ፣ «አይ ዎርክ ሪሞትሊ ፍሮም አዲስ አበባ ፎር ኤ ካምፓኒ ኢን ጀርመኒ»። በፊቷ ባይ ወይም ኢን አታስገቡ፣ «ባይ ሪሞትሊ» የሚባል ነገር የለም፣ በራሷ «ከ» የሚለውን ይዛዋለች።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ሰው ሪሞትሊ ሲባል ኢንተርኔት ብቻ ነው የሚታየው፣ እንደዛ አይደለም። ኦንላይን ስለመገናኛው ነው፣ ሪሞትሊ ስለቦታው ነው፣ እናንተ እዛ አለመኖራችሁን ነው የምትናገረው። ኒኮላ ቴስላ በ1898 ኒውዮርክ ውስጥ በሬዲዮ ሞገድ የሚነዳ ትንሽ ጀልባ ለህዝብ አሳይቶ ነበር፣ ኢንተርኔት ባልታሰበበት ዘመን ማለት ነው፣ ጀልባዋ ግን «ሪሞትሊ ኮንትሮልድ» ነበረች። በሴፕቴምበር 2001 ደግሞ ዣክ ማሬስኮ የሚባሉ ፈረንሳዊ ሀኪም ኒውዮርክ ሆነው ስትራስቡርግ ሆስፒታል የተኛችን በሽተኛ የሀሞት ከረጢት በሮቦት አማካኝነት አውጥተዋል፣ መሀላቸው አትላንቲክ ውቅያኖስ አለ። ይሄንን ስትጽፉ «ዘ ሰርጀሪ ዋዝ ፐርፎርምድ ሪሞትሊ» ነው።

እዚህ ላይ ግን ከግስ የወጡ ቅጽሎች ሲመጡ ሪሞትሊ ቦታ ትቀይራለች፣ ከፊት ትሆናለች። «ሪሞትሊ ኮንትሮልድ»፣ «ሪሞትሊ ኦፐሬትድ»፣ ለድሮን ደግሞ «ሪሞትሊ ፓይለትድ ኤርክራፍት»። ከሳተላይት የተገኘ መረጃ «ሪሞትሊ ሴንስድ ዴታ» ይባላል፣ እኛም ከዚህ ሩቅ አይደለንም፣ ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 2012 (በፈረንጆቹ ዲሴምበር 20፣ 2019) ከቻይና ያመጠቀቻት የመጀመሪያዋ ሳተላይት ስሟ ራሱ የሪሞት ሴንሲንግ ሳተላይት ነው፣ የመሬት ጣቢያዋም እንጦጦ ላይ ነው። እርሻና ጂኦግራፊ የምታጠኑ ልጆች ይሄን አባባል ቴሲሳችሁ ላይ ደጋግማችሁ ነው የምትጽፉት፣ ስለዚህ በትክክል ጻፉት፦ «ሪሞትሊ ሴንስድ» ሲሆን መሀሉ ላይ ሰረዝ አይገባም፣ በኤልና በዋይ ካለቀ ተውሳከ ግስ ቀጥሎ እንግሊዝኛ ሰረዝ አያደርግም። «ሪሞት-ኮንትሮልድ» ስትሉ ግን ሰረዝ አለ።

4. «ትንሽም እንኳ» ማለት ስትፈልጉ ከቅጽሉ ፊት አስቀምጧት፣ አካባቢዋንም እዩ

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ስለሆነ ረጋ ብላችሁ አንብቡ። በዚህ ትርጉሟ ሪሞትሊ ብቻዋን አትቆምም፣ የምትደገፍበት ነገር ያስፈልጋታል። አማርኛ ውስጥ «ምንም» የምትለዋን አስቡ፣ «ምንም አላየሁም» ያስኬዳል፣ «ምንም አየሁ» ግን አይባልም፣ አሉታ ካላገኘች አትቆምም። ሪሞትሊም እንደዛ ናት፣ ብቻ እሷ ከአሉታ ሌላም የምትደገፍባቸው አሏት።

አንደኛው አሉታ ነው። «ኢት ዋዝንት ሪሞትሊ ፈኒ» ማለት ጭራሽ አያስቅም ነው። «ናቲንግ ሪሞትሊ ላይክ ኢት» አጠገቡ የሚደርስ የለም ነው። «አይ አም ኖት ሪሞትሊ ታየርድ» ቅንጣት ታክል አልደከመኝም። ሁለተኛው ጥያቄ ነው፣ «ኢዝ ዛት ሪሞትሊ ትሩ?» ስትሉ ይሄ ነገር እውነት የሚባል ሽታ አለው ወይ እያላችሁ ነው። ሶስተኛው ኢፍ ነው፣ «ኢፍ ዩ አር ኢቭን ሪሞትሊ ኢንተረስትድ፣ ኮል ሚ»፣ ትንሽም ቢሆን ፍላጎት ካለህ ደውልልኝ። አራተኛው ኤኒዋን ወይም ኤቭሪዋን ብለው የሚጀምሩ ናቸው፣ «ኤኒዋን ሪሞትሊ ፋሚሊየር ዊዝ ኢትዮፒያን ሂስትሪ ኖውስ አድዋ»፣ ስለ ኢትዮጵያ ታሪክ ትንሽ እንኳ የሚያውቅ ሰው አድዋን ያውቃል።

ልብ በሉ፣ ትርጉሟ አልተቀየረም፣ ሁሉም ቦታ «ዝቅተኛዋ መጠን» ናት። ኢፍ ሲኖር ያቺ ዝቅተኛ መጠን ትበቃናለች እያላችሁ ነው፣ ስለዚህ ለስለስ ይላል። ኖት ሲኖር ግን ያቺ ዝቅተኛ መጠን እንኳ የለችም እያላችሁ ነው፣ ስለዚህ ይከብዳል። ለዛ ነው አንድ የአማርኛ ቃል ፈልጋችሁ ሁሉም ቦታ ብትሰኩት የማይሰራው፣ አንዱ ጋ «ትንሽም ቢሆን» ሌላው ጋ «ጭራሽ» ትላላችሁ።

የምትደገፍበት ከሌለስ? ያኔ አትጠቀሟት። «አይ አም ሪሞትሊ ኢንተረስትድ» ብላችሁ ትንሽ ፍላጎት አለኝ ማለት የፈለጋችሁ ሰዎች ብዙ ናችሁ፣ እንግሊዝኛ አፉን የፈታበት ሰው ግን ግራ ይጋባል፣ ከርቀት ነው ፍላጎትህ ወይስ ምንድነው ይላል። «አይ አም ስላይትሊ ኢንተረስትድ» በሉ። «አይ ሪሞትሊ ኖው ሂም» እንዲሁ፣ በሩቁ አውቀዋለሁ የምትለዋን ቀጥታ ለማምጣት ተሞክሮ ነው ግን አይሄድም፣ «አይ ኖው ሂም ስላይትሊ» ነው።

ኢቭን ስትጨመር ጉልበት ትጨምራለች፣ «ኖት ኢቭን ሪሞትሊ» ከሁሉም የከረረችው ናት። «ኖት ሪሞትሊ» ብቻዋንም መልስ መሆን ትችላለች፣ ተናደድሽ እንዴ ሲባሉ «ኖት ሪሞትሊ» ካሉ በፍጹም ማለታቸው ነው።

5. ኖት ካለበት አረፍተ ነገር ውስጥ ቦታዋን ሁለቴ ፈትሹ

እነዚህን ሁለት አረፍተ ነገሮች ጎን ለጎን አድርጉ፦

«ሂ ኢዝ ኖት ዎርኪንግ ሪሞትሊ»
«ሂ ኢዝ ኖት ሪሞትሊ ዎርኪንግ»

ቃላቱ አንድ ናቸው፣ አንድም የተጨመረ የተቀነሰ የለም። የመጀመሪያው፦ ይሰራል፣ ግን ከቤት አይደለም፣ ቢሮ ገብቶ ነው። ሁለተኛው፦ ስራ የሚባል ነገር እየሰራ አይደለም፣ ለይምሰል እንኳ። ስለ ባልደረባችሁ ለአለቃ ሪፖርት ስታደርጉ ሁለተኛውን ብትጽፉ ሰውየውን ከሰሳችሁት ማለት ነው፣ እናንተ ግን ቢሮ መጥቷል ለማለት ነበር። ኢንተርቪው ላይም ይሄው ነው፣ ከዚህ በፊት ከርቀት ሰርተህ ታውቃለህ ተብሎ ተጠይቆ «አይ ሃቭ ኖት ሪሞትሊ ዎርክድ» ያለ ሰው በጭራሽ ሰርቼ አላውቅም ያለ ይመስልበታል፣ «አይ ሃቭንት ዎርክድ ሪሞትሊ ቢፎር፣ በት አይ አም ሬዲ ቱ» ቢል ያምር ነበር።

ስለዚህ ህጉ ይሄ ነው፣ አሉታ ካለና ማለት የፈለጋችሁት ከርቀት ከሆነ ሪሞትሊን ሁልጊዜ ወደ መጨረሻ ግፏት። «ዘ ጌት ካንት ቢ ኦፕንድ ሪሞትሊ» በሉ እንጂ መሀል ላይ አትሸጉጧት። «ዱ ዩ ዎርክ ሪሞትሊ?» ለሚል ጥያቄም «ኖ፣ ኖት ሪሞትሊ» ብሎ መመለስ ያምታታል፣ «ኖ፣ አይ ጎ ቱ ዘ ኦፊስ» ብትሉ ንጹህ ነው።

ሲቪ ላይ አሉታ ስለማይኖር ነጻነት አላችሁ፣ «ማኔጅድ ኤ ቲም ሪሞትሊ»ም «ሪሞትሊ ማኔጅድ ኤ ቲም»ም ልክ ናቸው።

6. ሪሞትና ሪሞትሊን አትቀላቅሉ

ሪሞት ቅጽል ነው፣ ስም ፊት ይቆማል፦ «ሪሞት ጆብ»፣ «ሪሞት ቲም»። ሪሞትሊ ተውሳከ ግስ ነች፦ «ዎርክ ሪሞትሊ»። «ሪሞትሊ ጆብ» ስህተት ነው፣ የሚገርመው ግን ቴሌግራም ላይ ከትክክለኛው እኩል ነው የሚታየው። «ዎርክ ሪሞት» የሚለውን አሜሪካኖች ራሳቸው ሲያወሩ ይሉታል፣ ማስታወቂያም ላይ ታዩታላችሁ፣ እናንተ ግን ማመልከቻ ስትጽፉ ሊ'ዋን ጨምሩ።

አሁን ደግሞ ለኢትዮጵያ ስራ ፈላጊ በጣም የሚያስፈልገው፦ ኤንጂኦዎች «ዊሊንግ ቱ ዎርክ ኢን ሪሞት ኤሪያስ» ብለው ሲያወጡ ከቤትህ ሆነህ ስራ ማለታቸው አይደለም፣ ጭራሽ ተቃራኒው ነው፣ መንገድ የማይገባበት ወረዳ ድረስ ሂደህ ትሰራለህ ወይ ነው ጥያቄው፣ ፊልድ ማለት ነው። ሪሞት ኤሪያ ከከተማ የራቀ ቦታ ነው። «ሪሞትሊ ሎኬትድ ሄልዝ ፖስት» የሚል ብታገኙም ሩቅ ቦታ ያለ ጤና ኬላ ነው፣ በስልክ የሚያክም ጤና ኬላ አይደለም። አንድ ማስታወቂያ ውስጥ ሁለቱም ሊኖሩ ይችላሉ፣ ስለዚህ ሪሞት ብቻ አይታችሁ አፕላይ አታድርጉ፣ ቀጥሎ ያለውን ቃል አንብቡ።

7. ጎረቤት ቃላቶቿን ለዩ

ዲስታንትሊ ለዝምድና ናት። የሩቅ ዘመዴ ነው ለማለት «ዊ አር ዲስታንትሊ ሪሌትድ» በሉ። ምንም ዝምድና የለንም ሲሆን ግን «ዊ አር ኖት ሪሞትሊ ሪሌትድ» ያስኬዳል። ቨርችዋሊ ደግሞ አሳሳች ናት፣ «ዊ ሜት ቨርችዋሊ» በኢንተርኔት ተገናኘን ነው፣ «ቨርችዋሊ ኢምፖሲብል» ግን የማይቻል ያህል ነው፣ ከርቀት ጋር አይገናኝም። ቬግሊ ለትዝታ ትሆናለች፣ «አይ ቬግሊ ሪሜምበር»፣ ትዝ ይለኛል ግን ደብዛዛ ነው፣ እዚህ ሪሞትሊ አትገባም። «አይ ሃቭንት ዘ ሪሞተስት አይዲያ» የምትለዋ ደግሞ እህቷ ናት፣ ቅንጣት ታክል አላውቅም ማለት ነው፣ የእንግሊዞች አነጋገር ውስጥ ትበዛለች።

8. ለማን እንደምትናገሩ አስቡ

«አይ አም ኖት ሪሞትሊ ኢንተረስትድ» ሰዋስዋዊ ስህተት የለባትም ግን ፊት ላይ በር መዝጋት ናት። ለቀጣሪ፣ ለመምህር፣ ለትልቅ ሰው አትባልም። ከፍ ዝቅ ማድረግ ከፈለጋችሁ «ኖት ሪሊ» ለስላሳዋ ናት፣ «ኖት ፓርቲኩላርሊ» መሀል ላይ ነች፣ «ኖት አት ኦል» ቁርጥ ያለች ናት፣ «ኖት ሪሞትሊ» ከሷም ጋር እኩል ሆና ትንሽ ንዴት ወይ ንቀት ሊሰማባት ይችላል። ስራ አልፈልግም ለማለት «ታንክ ዩ፣ በት ኢትስ ኖት ዘ ራይት ፊት ፎር ሚ» ብትሉ ነገ ሌላ ስራ ሲኖር ይደውሉላችኋል።

9. ደብዳቤ ላይ ካያችኋት አትገምቱ

አሜሪካ ያላችሁ፣ ይሄ ለእናንተ ነው። የኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት አንዳንድ ቀጠሮዎችን በዌብኤክስ ቪዲዮ ያያል፣ ወረቀት ላይ «አፒር ሪሞትሊ» የሚል ካለ በቪዲዮ ወይም በስልክ ቅረቡ ማለት ነው፣ «ኢን ፐርሰን» የሚል ካለ በአካል ሂዱ ነው። «ሜይ አፒር ሪሞትሊ» ከሆነ ተፈቅዶላችኋል ማለት ነው፣ «ሜይ ኖት» ከሆነ ተከልክላችኋል። ይቺን አንድ ቃል ሳያዩ አልፎ ቤት መቀመጥ ቀላል ነገር አይደለም፣ ቀጠሮው ላይ ያልቀረበ ሰው በሌለበት የመባረር ውሳኔ ሊተላለፍበት ይችላል። ትንሽ ከተጠራጠራችሁ ለጠበቃችሁ ወይ ለሚያግዛችሁ ድርጅት ወረቀቱን ፎቶ አንስታችሁ ላኩና አስነብቡ፣ ደግሞም ከቀኑ ብዙ ቀድማችሁ።

10. በመተካት ሞክሯት

አረፍተ ነገር ስታነቡ ሪሞትሊን አውጥታችሁ «ፍሮም ኤ ዲስታንስ» ክተቱ፣ ከዛ ደግሞ «ኢቭን ስላይትሊ» ክተቱ። ስሜት የሚሰጠው የቱ ነው? እሱ ነው ትርጉሟ። አሁን በነዚህ እጃችሁን ፍቱ፦

«ዘ ኢንጂነር ሪስታርትድ ዘ ሰርቨር ሪሞትሊ።» ኢንጂነሩ ሰርቨሩን በትንሹ አስነሳው አይባልም፣ ስለዚህ ከርቀት ነው።

«ዘ ኮፊ ሂር ኢዝ ናቲንግ ሪሞትሊ ላይክ ማይ ማዘርስ።» ናቲንግ አለ፣ ላይክ ፊት ነው የቆመችው፣ እዚህ ያለው ቡና እናቴ ከምታፈላው አጠገቡም አይደርስም።

«ኢፍ ኢት ኢዝ ሪሞትሊ ፖሲብል፣ ካም ቱዴይ።» ኢፍ አለ፣ ፖሲብል ተራ ቅጽል ነው፣ ጠብ የምትል እድል እንኳ ካለ ዛሬ ና።

«ዘይ ዲድ ኖት ሪሞትሊ አንደርስታንድ ዘ ፕሮብለም።» ይቺ ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል፣ በስልክ ስለነገርናቸው አልገባቸውም ብሎ ያነባታል። ኖት አጠገቧ ነው፣ አንደርስታንድ ፊት ነው የቆመችው፣ መጨረሻ ላይ አይደለችም። ችግሩ ጭራሽ አልገባቸውም።